የጠፋ ዕቃ ወደ ጌታው ስለሚመለስበት ሥርዐት

ሰው ገንዘቡን የሚያጣበት መንገድ ሁለት ነው። አንደኛው ሌባ ወይም ቀማኛ ሲወስድበት ነው፤ ሁለተኛውም እርሱ ራሱ ሳያውቅ ሲጥለው፥ ወይም ከብቱ ከመንጋው ተለይቶ ሲባዝንበት ነው። ለፊተኛው ጥፋት በየአገሩ ሁሉ ዳኛና ወኅኒ ቤት ተዘጋጅቶለታል። ለኋለኛው ግን ብዙ ጊዜ የታሰበበት ነገር የለም። ዕቃውን የጣለው ሰው ማንን እንደሚጠይቅ አያውቅም፤ ያገኘውም ሰው ለማን እንደሚያስረክብ አያውቅም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱም ክፉ ሐሳብ ሳይኖረው ዕቃው በመካከላቸው ጠፍቶ ይቀራል።

ይህ ነገር ለሚሰማው ሰው ትንሽ መስሎ ይታየው ይሆናል። ነገር ግን ጥጃዋን ሸጣ ስትመለስ በመቀነቷ የቋጠረችው ብር የወደቀባት መበለት፥ በእርሻ ወራት አንዱ በሬው ባዝኖበት ጥማዱ የፈረሰበት ገበሬ፥ ትምህርቱን መጨረሱን የሚመሰክርለት ወረቀት የጠፋበት ወጣት፥ እነዚህ ሁሉ ነገሩ ትንሽ እንዳይደለ ያውቃሉ። ለእነርሱ የጠፋው ዕቃ የአንድ ዓመት ኑሮ ነው። ደግሞም በአንድ አገር የወደቀ ዕቃ ተመልሶ የሚገኝ ከሆነ ሰው ባልንጀራውን ያምናል፤ የማይገኝ ከሆነ ግን ጎረቤት ጎረቤቱን መጠርጠር ይጀምራል። የዕቃው ጉዳት በጊዜ ይረሳል፤ የጥርጣሬው ጉዳት ግን ለልጅ ይተላለፋል።

ያገኘው ሰው ስለሚገጥመው ፈተና

ወድቆ የተገኘ ዕቃ በአግኚው ልብ ውስጥ ሁለት ፈተና ያመጣል። አንደኛው ስስት ነው፤ ይህንን ሁሉም ሰው ያውቀዋል። ሁለተኛው ፍርሃት ነው፤ ይህንን ግን ብዙ ሰው አያስተውለውም። ቦርሳ ያገኘ ድኻ ሰው ቦርሳውን ይዞ ወደ ጌታው ቢሄድ፥ ጌታው «የቀረው ገንዘብ የት ደረሰ?» ብሎ እንዳይከሰው ይፈራል። የባዘነ በሬ በግቢው ያሳደረ ሰውም ሌባ እንዳይባል ይሠጋል። ስለዚህ ቅን የሆነው ሰው ዕቃውን እያየ አልፎት ይሄዳል፤ ከእርሱም በኋላ ቅን ያልሆነው ይመጣና ያነሣዋል።

እንግዲህ መልካም ሥርዐት የሚባለው ስስትን የሚከለክል ብቻ ሳይሆን ፍርሃትንም የሚያስወግድ ነው። ሕጉ ዕቃ ለጠፋበት ሰው ጠበቃ እንደሚሆን ሁሉ ዕቃውን ላገኘው ሰውም ጠበቃ ሊሆን ይገባዋል። ይህም ካልሆነ ቅን መሆን ራሱ አደጋ ይሆናል፤ አደጋ ያለበትንም ነገር የሚያዘወትር ሰው ጥቂት ነው።

ስለ ጥንቱ ትእዛዝ

በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ ስለዚህ ነገር የተጻፈ ትእዛዝ አለ። ትእዛዙም ሰው የወንድሙ በሬ ወይም በግ ሲባዝን ቢያይ ቸል ብሎ እንዳያልፍ፥ ወንድሙ ሩቅ ቢሆን ወይም ባያውቀው ከብቱን ወደ ቤቱ ወስዶ ባለቤቱ እስኪፈልገው ድረስ እንዲያቆየው፥ በፈለገውም ጊዜ እንዲመልስለት ነው። ስለ አህያው፥ ስለ ልብሱ፥ ወንድሙ ስለ ጣለውም ነገር ሁሉ እንዲሁ እንዲደረግ ታዟል። በዚህ ትእዛዝ ውስጥ ሦስት ነገር እናገኛለን። ይኸውም ቸል ማለት መከልከሉ፥ ያገኘው ሰው ጠባቂ እንጂ ጌታ አለመሆኑ፥ ባለቤቱም ሲመጣ ዕቃው ያለ ክርክር መመለሱ ነው።

በአገራችን ገጠርም ይህንን የመሰለ ልማድ አለ። ከብት የጠፋበት ሰው በገበያ ቀን መልኩንና ምልክቱን እየተናገረ ይጠይቃል፤ ከቅዳሴ ወይም ከጁምዓ ስግደት በኋላም ለተሰበሰበው ሕዝብ ያስነግራል፤ ላገኘለትም ሰው ወሮታ እንደሚከፍል ያስታውቃል። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ቀበሌ ይህ ልማድ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ነገር ግን መንገድ ሲከፈት፥ ገበያ ሲሰፋ፥ ከሩቅ የመጣ መንገደኛ በአውቶቡስ ሲያልፍ፥ የወደቀው ዕቃ የማን እንደ ሆነ የሚያውቅ ሰው በአካባቢው አይገኝም። ባለቤቱም ዕቃው የት እንደ ወደቀበት አያውቅም። በዚህ ጊዜ የመንደር ልማድ ብቻውን አይችልም፤ ዕቃውን የሚቀበል፥ የሚጽፍ፥ የሚያስታውቅና የሚጠብቅ የአስተዳደር ቤት ያስፈልጋል።

በጃፓን አገር ስላለው ሕግ

ይህንን ሥራ በጽኑ ካደራጁት አገሮች አንዲቱ ጃፓን ናት። የኢትዮጵያ ሊቃውንት ከጃፓን አኗኗር ትምህርት ለመቅሰም ማሰብ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓመተ ምሕረት ወደዚያ አገር በመልእክት ሄደው ከተመለሱ በኋላ ያዩትን «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለው መጽሐፋቸው አሳትመዋል። ከዚህ በታች ስለ ውጭ አገር የሚነገሩት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በጃፓን ስለ ጠፋ ዕቃ የተደነገገው ነገር እጅግ የቆየ ነው። በ8ኛው መቶ ዓመት የቻይናን ሕግ አብነት አድርገው በጻፉት ሕግ የጠፋ ዕቃ ያገኘ ሰው በቅርብ ላለ ሹም እንዲያስረክብ ታዞ ነበር። በሾጉኖች ዘመን በ1742 የተጻፈው የዳኝነት መመሪያ ደግሞ የአግኚውን ድርሻ ለይቶ ወሰነ። ወድቆ የተገኘው ገንዘብ የሆነ እንደ ሆነ ጌታው በተገኘ ጊዜ ከአግኚው ጋራ እኩል ይካፈሉ ነበር፤ ጨርቅና ይህንን የመሰለ ዕቃ ከሆነ ግን ዕቃው ለጌታው ተመልሶ አግኚው ተገቢ ወሮታ ይቀበል ነበር። 6 ወር ሙሉ ጌታው ያልተገኘ እንደ ሆነ ሁሉም ለአግኚው ይሆን ነበር።

በ1899 ይህ ነገር በአዲስ ሕግ ተጽፎ ወጣ። ከመቶ ዓመት በላይም ካገለገለ በኋላ በ2006 እንደገና ተሻሽሎ ተጻፈ፤ የተሻሻለውም ሕግ ከታኅሣሥ 10 ቀን 2007 ጀምሮ ጸና። ካሻሻሉበት ምክንያት ዋናው የሚገባው ዕቃ መብዛቱ ነው። ዕቃ የሚቀመጥበት ዘመን ረጅም በሆነ ቍጥር መጋዘኑ ይጠባል፤ ጠባቂና ወጪም ይጨምራል። ስለዚህ ቀድሞ 6 ወር የነበረውን የመጠበቂያ ጊዜ ወደ 3 ወር አሳጠሩት፤ ስለ ተገኘውም ዕቃ በኢንተርኔት የሚነገርበትን መንገድ ጨመሩበት።

ዕቃው ስለሚያልፍበት መንገድ

ጃፓን በ47 አውራጃዎች የተከፈለች ናት፤ የየዕለቱን የጸጥታ ሥራ የሚሠራው ፖሊስም የየአውራጃው ነው። በከተማ ውስጥ በየሰፈሩ «ኮባን» የሚባል ትንሽ የፖሊስ ቤት አለ። በገጠር ደግሞ አንድ ፖሊስ ከቤተ ሰቡ ጋራ የሚኖርበት፥ ቤቱም ቢሮውም አንድ የሆነ ጣቢያ አለ። ስለዚህ ዕቃ ያገኘ ሰው ለማስረከብ ሩቅ መንገድ አይሄድም። የሥርዐቱ መሠረት ይህ ቅርበት ነው፤ አንድ ቦርሳ ለማስረከብ ግማሽ ቀን የሚያስጕዝ ቢሆን ኖሮ ከሥራው የሚቀር ሰው ባልተገኘም ነበር።

አግኚው ኮባን በደረሰ ጊዜ ፖሊሱ ዕቃውን በፊቱ ይመረምራል፤ ገንዘብም ከሆነ ይቈጥረዋል። ከዚያም የተገኘበትን ቀን፥ ሰዓትና ቦታ፥ የዕቃውንም ዐይነት ይጽፋል። አግኚው ወሮታ የሚፈልግ ወይም መብቱን የሚተው መሆኑን ይጠይቀዋል፤ በመጨረሻም ደረሰኝ ይሰጠዋል። ይህ ደረሰኝ ከላይ የተነገረውን ፍርሃት የሚያስወግድ ነው። ሰውየው ምን እንዳስረከበ ተጽፎ በእጁ ይገኛልና ከእንግዲህ «የቀረው የት ደረሰ?» የሚለው የለም።

በባቡር፥ በሱቅ ወይም በሌላ ሕዝብ በሚገባበት ቤት ዕቃ ያገኘ ሰው ለዚያ ቤት ሠራተኛ ያስረክባል፤ ቤቱም በበኩሉ ለፖሊስ ያስታውቃል። ዕቃ የጠፋበት ሰው ደግሞ ወደ ፖሊስ ሄዶ የጠፋበትን ዕቃ ያስመዘግባል። ፖሊሶቹ ሁለቱን መዝገብ እያስተያዩ ጠፋ የተባለውን ከተገኘው ጋራ ያገናኛሉ። በዕቃው ውስጥ የባለቤቱ ስም ከተገኘ ወዲያው ይጠሩታል። ስም ከሌለው ግን በፖሊስ ጣቢያ ለሕዝብ በሚታይ ማስታወቂያ ይነገራል። በቶኪዮ ከተማ ከየጣቢያው የተሰበሰበው ዕቃ ኢዳባሺ በተባለው ሰፈር ወዳለው ትልቅ የፖሊስ መጋዘን ሄዶ ይቀመጣል።

ልጆች ይህንን ሥርዐት ገና በታናሽነታቸው ይማሩታል። አንድ ሕፃን በመንገድ ያገኛትን አንዲት ሳንቲም ይዞ ወደ ኮባን በሄደ ጊዜ ፖሊሱ አይሥቅበትም፤ እንደ ትልቅ ሰው ተቀብሎ ይጽፍለታል፤ አመስግኖም ያሰናብተዋል። የወረቀቱና የጊዜው ዋጋ ከሳንቲሟ ይበልጣል። ነገር ግን ፖሊሱ የሚጠብቀው ሳንቲሟን አይደለም፤ የሕፃኑን ልማድ ነው።

ስለ ቀጠሮና ስለ ድርሻ

ሕጉ ለእያንዳንዱ ነገር ቀጠሮ ወስኗል። አግኚው ዕቃውን ባገኘ በ7 ቀን ውስጥ ያስረክባል፤ በባቡርና በሱቅ ያገኘው እንደ ሆነ ደግሞ በ24 ሰዓት ውስጥ ያስረክባል። ቀጠሮውን ያሳለፈ ሰው ወሮታ የመቀበል መብቱን ያጣል፤ ዕቃውም በኋላ የእርሱ ሊሆን አይችልም። ጨርሶ ለራሱ ያስቀረው እንደ ሆነ ግን እንደ በደለኛ ይቈጠራል፤ የአገሩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ እስከ 1 ዓመት በሚደርስ እስራት ወይም እስከ 100,000 የን በሚደርስ መቀጮ ይቀጣዋል። የን የአገሩ ገንዘብ ስም ነው።

ባለቤቱ በተገኘ ጊዜ ለአግኚው ከዕቃው ዋጋ ከ100 እጅ ከ5 የማያንስ፥ ከ20ም የማይበልጥ ወሮታ ይከፍላል። ለምሳሌ 10,000 የን የጠፋበት ሰው ከ500 እስከ 2,000 የን ይሰጣል ማለት ነው። ዕቃው በሱቅ ወይም በባቡር የተገኘ ከሆነ ወሮታውን አግኚውና ያ ቤት እኩል ይካፈሉታል። ለመጠበቂያ የወጣ ወጪ ካለም የሚከፍለው ባለቤቱ ነው። መንግሥትና የአካባቢ አስተዳደር ግን ራሳቸው አግኚ ቢሆኑ ወሮታ መጠየቅ አይችሉም፤ ሕዝብን ማገልገል ተግባራቸው ነውና።

ማስታወቂያው በወጣ በ3 ወር ውስጥ ባለቤቱ ያልታወቀ እንደ ሆነ ዕቃው ለአግኚው ይሆናል። አግኚውም በ2 ወር ውስጥ መጥቶ መውሰድ አለበት። እርሱ ካልወሰደው ወይም አስቀድሞ መብቱን ትቶ ከሆነ በፖሊስ የተጠበቀው ዕቃ የአውራጃው አስተዳደር ገንዘብ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ጌታ ያጣ ዕቃ ለሁሉ ጥቅም ይውላል፤ ጠባቂው ፖሊስ ለራሱ የሚያስቀረው ነገር የለም። ጠባቂው ከተጠባቂው ዕቃ የግል ጥቅም የሚያገኝ ቢሆን ኖሮ ባለቤቱን ለመፈለግ የሚተጋ አይገኝም ነበር።

የሚበላሽ ነገር ወይም ለመጠበቅ ብዙ ወጪ የሚጠይቅ ነገር 3 ወር እስኪሞላ አይጠበቅም፤ ተሽጦ ገንዘቡ በዕቃው ስፍራ ይቀመጣል። ጃንጥላን፥ ልብስንና ብስክሌትን የመሰለም ነገር በ2 ሳምንት ውስጥ ባለቤቱ ካልታወቀ እንዲሸጥ ተፈቅዷል።

ደግሞ ለአግኚው ከቶ የማይሰጡ ነገሮች አሉ። መታወቂያ ወረቀት፥ የሰው ምስጢር የተጻፈበት ደብዳቤና ሰነድ፥ የባለቤቱን ጉዳይ በውስጡ የያዘ ተንቀሳቃሽ ስልክ፥ እነዚህ ሁሉ 3 ወር ቢያልፋቸውም የአግኚው አይሆኑም። ዕቃ ሊተላለፍ ይችላል፤ የሰው ስምና ምስጢር ግን ወድቆ ስለ ተገኘ የሌላ ሰው ገንዘብ አይሆንም።

ሥርዐቱ ስላስገኘው ፍሬ

በ2018 በቶኪዮ ለፖሊስ የገባው የጠፋ ዕቃ ከ4 ሚሊዮን በላይ ነበረ። በዚያው ዓመት ለባለቤቶቻቸው የተመለሱት መታወቂያ ወረቀቶች 545,000 ያህል ነበሩ፤ ይህም ከጠፉት ከ100 እጅ 73ቱ ማለት ነው። ከተንቀሳቃሽ ስልኮችም 130,000 ያህሉ፥ ማለትም ከ100 እጅ 83ቱ ተመልሰዋል፤ ከኪስ ቦርሳዎች ደግሞ 240,000 ያህሉ፥ ማለትም ከ100 እጅ 65ቱ ተመልሰዋል። ጃንጥላ ግን ከ300,000 በላይ ገብቶ ባለቤቱ ጋ የደረሰው ከ100 እጅ 1 ያህሉ ብቻ ነው።

ይህ ልዩነት ሊመረመር የሚገባው ነው። ቦርሳውን ያስረከበው ሕዝብና ጃንጥላውን ያስረከበው ሕዝብ አንድ ነው፤ የተቀበለውም ፖሊስ አንድ ነው። ነገር ግን መታወቂያው የባለቤቱን ስም ይናገራል፤ በቦርሳው ውስጥም ብዙ ጊዜ ስም ያለበት ወረቀት አይታጣም። ጃንጥላው ግን ከሌላው ጃንጥላ የሚለይበት ነገር የለውም፤ ዋጋውም ዝቅተኛ ስለሆነ ጌታው ሊፈልገው አይደክምም። እንግዲህ የዕቃ መመለስ በአግኚው ቅንነት ብቻ የሚፈጸም አይደለም፤ ባለቤቱም ዕቃውን በምልክት ማሳወቅና መፈለግ አለበት።

ሕጉ የታመነ መሆኑን የሚያሳይ ሌላም ታሪክ አለ። በ1980 በቶኪዮ ጊንዛ በተባለው ሰፈር አንድ የጭነት መኪና ነጂ 100 ሚሊዮን የን የተጠቀለለበት ነገር በመንገድ ዳር አግኝቶ ለፖሊስ አስረከበ። በጊዜው በነበረው ሕግ 6 ወር ተጠበቀ፤ ባለቤቱም ሳይታወቅ ቀረ። መንግሥትም ብዛቱን አይቶ ቃሉን አላጠፈም፤ ገንዘቡ ለአግኚው ተሰጠ፤ ከእርሱም የሚገባውን ግብር ከፈለ። ሕዝቡ ከዚህ ነገር የተማረው ስለ ዕድል ብቻ አይደለም፤ ሕጉ ለትንሽም ለትልቅም ገንዘብ አንድ መሆኑን ነው።

በመጋቢት ወር 2011 በምሥራቅ ጃፓን ታላቅ የምድር መናወጥ ሆኖ የባሕር ማዕበል ከተሞችን ጠረገ። ከፍርስራሹ ውስጥ በጭቃ ተለውሰው የተገኙ 5,700 ያህል የብረት ካዝናዎች ወደ ፖሊስ ገቡ፤ በውስጣቸውም ከ2 ቢሊዮን የን የሚበልጥ ገንዘብ ነበረ። ቤት የፈረሰበት፥ ዘመድ የሞተበት ሕዝብ የሌላውን ገንዘብ እያነሣ አስረከበ። ፖሊሶቹም በካዝናዎቹ ውስጥ ያገኙትን የባንክ ደብተርና ሰነድ እያነበቡ ባለቤቶቹን ወይም ወራሾቻቸውን በየመጠለያው ፈለጉ፤ ከገንዘቡም የሚበዛው ክፍል ተመለሰ። በዚህም ደግሞ ዕቃውን ወደ ጌታው የመራው የተጻፈ ስም ነው።

ይህ ነገር ከተፈጥሮ አለመሆኑ

አንዳንድ ሰው ይህንን ሲሰማ «የጃፓን ሕዝብ በተፈጥሮው እንዲህ ነው፤ ለእኛ አይሆንም» ይል ይሆናል። ይህ አስተያየት ትክክል አይደለም። ሕዝቡ በተፈጥሮው ብቻ የሚመልስ ቢሆን ኖሮ ቅጣት፥ ወሮታና ቀጠሮ ባላስፈለጉም ነበር። ሕጉን የጻፉት ሰዎች የሰውን ልብ ድካም ያውቁ ነበርና ለቅንነት መንገዱን ጠረጉለት። የሚያስረክብበትን ቤት አቀረቡ፤ ጊዜውን ወሰኑ፤ ድርሻውን አሳወቁ፤ ደረሰኙን በእጁ ሰጡት። ከዚህ በኋላ ቅን መሆን ለድኻም ሰው የሚቻል ሆነ። ልማድም በሕግ ላይ እየበቀለ በልጆች ልብ ሥር ሰደደ።

በሌላም አገር ይህንን የመሰለ ሥራ አለ። በፈረንሳይ አገር በ1805 በናፖሌዎን ዘመን የፓሪስ ከተማ የፖሊስ አስተዳደር የተገኘ ዕቃ የሚሰበሰብበት ቤት አቋቋመ። በ1893ም ሌፒን የተባለው የፖሊስ አዛዥ ዕቃውን ከማስቀመጥ አልፎ ባለቤቱን የሚፈልግ ክፍል ጨመረበት። ዕቃን በመጋዘን መቈለል ብቻውን በቂ አይደለም፤ አስተዳደሩ ባለቤቱን ሊፈልገው ይገባል።

በአገራችን ሊደረግ ስለሚገባው

በሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓመተ ምሕረት የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ዕቃ ያገኘ ሰው ማግኘቱን ስለ ማስታወቅ በአስተዳደር የተወሰነውን ደንብ እንዲፈጽም ያዛል። ስለዚህ ያገኘ ሰው ማስታወቅ ያለበት መሆኑ ለአገራችን ሕግ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ወሮታም ለሕዝባችን እንግዳ ቃል አይደለም። በየቀበሌው የሚጐድለው ብዙ ጊዜ ሁለቱን የሚያገናኘው መዝገብ ነው። ይህንንም ለመጀመር አንድ ደብተርና አንድ የታመነ ጸሓፊ ይበቃል።

የአገር ሽማግሎች ከቀበሌው አስተዳደር ጋራ ተመካክረው የሚከተለውን ቢያደርጉ ሕዝቡ ይጠቀማል።

1ኛ፤ የተገኘ ዕቃ የሚጻፍበት አንድ መዝገብ በታወቀ ቦታ ይኑር። በመዝገቡም ዕቃው የተገኘበት ቀንና ቦታ፥ የዕቃው ዐይነትና ምልክት፥ የአግኚው ስም፥ የሁለት ምስክሮችም ስም ይጻፍ። ለአግኚውም ያስረከበውን ነገር የሚገልጥ ወረቀት ይሰጠው።

2ኛ፤ ማስታወቂያው በገበያ ቀንና ሕዝብ በሚሰበሰብበት ስፍራ ይነገር። ነገር ግን ምልክቱ ሁሉ አይነገር። «በሬ ተገኝቷል» ይባል እንጂ በየትኛው ጆሮው ምልክት እንዳለው አይነገር፤ «ቦርሳ ተገኝቷል» ይባል እንጂ በውስጡ ስንት ብር እንዳለ አይነገር። የተሰወረውን ምልክት አስተካክሎ የተናገረ ሰው እርሱ ባለቤቱ መሆኑ ይታወቃል፤ ሐሰተኛውም በቀላሉ ይለያል።

3ኛ፤ የባዘነ ከብት የሚያድርበትና መኖ የሚሰጠው ሰው ይለይ፤ ወጪውም በየቀኑ ይጻፍ፤ ባለቤቱ ሲመጣም ወጪውን ይተካ። ይህ ካልሆነ የጠፋ ከብት ማሳደር ለድኻ ገበሬ ዕዳ ይሆንበታል፤ በሚቀጥለውም ጊዜ አይቶ እንዳላየ ያልፋል።

4ኛ፤ ገንዘብ፥ መታወቂያና ስልክ ሳይቈይ ለፖሊስ ወይም ለቀበሌው አስተዳደር በደረሰኝ ይተላለፍ።

በትምህርት ቤት ሊደረግ ስለሚቻለው

መምህራን ይህንን ነገር በቃል ብቻ ከማስተማር ይልቅ በሥራ ቢያሳዩት ይሻላል። በትምህርት ቤቱ አንድ ሣጥንና አንድ ደብተር ይዘጋጅ። የተገኘ እርሳስ፥ ደብተር፥ ነጠላ ወይም ጫማ ወደ ሣጥኑ ይግባ፤ ያገኘውም ልጅ ስሙ በደብተሩ ይጻፍለት። መጻፉንም ከተማሪዎቹ አንዱ በተራ ያድርገው፤ እንዲህ ሲሆን የንባብና የጽሕፈት ትምህርት ከግብረ ገብ ትምህርት ጋራ አብሮ ይሄዳል። በየሳምንቱ መጨረሻ በሰልፍ ጊዜ የተገኘው ዕቃ ይነገር። የጊዜው ቀጠሮ ካለፈ በኋላ ባለቤት ያልተገኘለት ዕቃ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ተወስኖ ለሁሉ ይታወቅ፤ ለምሳሌ ደብተርና እርሳስ ለሌለው ልጅ ይሰጥ ዘንድ ሊወሰን ይችላል። መምህር ግን ከሣጥኑ ለራሱ ምንም አይውሰድ።

ዳግመኛም ልጆቹ በደብተራቸውና በመጽሐፋቸው ላይ ስማቸውን እንዲጽፉ፥ በልብሳቸውም ላይ በክር ትንሽ ምልክት እንዲያደርጉ ይማሩ። ከላይ እንደ ተነገረው የቶኪዮ ጃንጥላ ስም የሌለው ዕቃ በቅን ሰው እጅ ቢገባም እንኳ ወደ ጌታው የሚመለስበትን መንገድ አያገኝም።

አንድ ልጅ አምስት ብር አግኝቶ ለመምህሩ ባመጣ ጊዜ «አንተ ሰርቀህ ይሆናል» የሚል ቃል ከቶ እንዳይነገረው መጠንቀቅ ይገባል። ይህ ቃል አንድ ጊዜ ከተነገረ ያ ልጅ ዳግመኛ ምንም አያመጣም፤ የሰሙትም ባልንጀሮቹ አያመጡም። በሰው ፊት ተመስግኖ ስሙ በመዝገብ ከተጻፈለት ግን አድጎ በመንገድ ላይ የመበለቲቱን ቋጠሮ ባገኘ ጊዜ የት እንደሚወስደው ያውቃል።

ለተማሪዎች የሚቀርብ ጥያቄ

1. ዕቃ ያገኘ ሰው ጠባቂ እንጂ ጌታ አይደለም ሲባል ምን ማለት ነው?
2. ደረሰኝ ለአግኚው የሚጠቅመው ስለ ምንድን ነው?
3. በቶኪዮ ቦርሳ ሲመለስ ጃንጥላ የማይመለሰው በምን ምክንያት ነው?
4. ማስታወቂያ በሚነገርበት ጊዜ የዕቃው ምልክት ሁሉ የማይነገረው ስለ ምንድን ነው?
5. በቀበሌያችሁ ከብት ሲጠፋ እንዴት ይፈለጋል? ታላላቆቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉ።